ሲያብቡ እመጣለሁ

መስከረም 22

ሚጢ እህቴ፣

ሰላምታዬን አጠር አድርጌዋለሁና አትቀየሚኝ። እጄ ጭቃ ነው፤ ወረቀቱ ጥግ ላይ ያለው አሻራም የእኔው ነው። እኛ አለን። እማዬ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ትቆጣለች። ደህና ናት ማለት ይኸው ነው እንግዲህ።

“ብርዱ ሲገባ መቼም ትንሽ ታርፊያለሽ” ብለሻል። አይ ሚጢ! እናንተ ዘንድ በረዶው ይመጣና ሁሉንም ቀብሮት ሰው ቤቱ ገብቶ ይቀመጣል። እኛ ዘንድ ብርድ ተብሎ የሚመጣው እንኳን አትክልት ሊገድል ሹራቤንም ከሳጥን አያስወጣኝም። ቲማቲሙ አለቀ ስል ሰላጣው ይደርሳል። ሰላጣው ሳያልቅ ካሮትና ቀይ ሥር ይዘራል፣ አተሩ መደገፊያ እንጨት ይፈልጋል፣ ጥቅል ጎመኑ ይኮተኮታል፣ ጽጌረዳው ይገረዛል። ቀንድ አውጣውም ዓመቱን ሙሉ አይተኛም። ጓሮው የማይሞትበት ሰው ዕረፍት የለውም። ከወዲያ ጓሮው፣ ከወዲህ እማዬ፣ ሁለቱም “ነይ!” ነው ቋንቋቸው።

ስልኩን ለምን እንደነቀልኩት ጠይቀሻል። በጮኸ ቁጥር እማዬ “ሚጢ ናት!” ብላ እየሮጠች ኮሪደሩ ላይ ወድቃ ጉልበቷን ላጠችው። ለዚህ ነው። በደብዳቤ እንጠያየቅ፤ ደብዳቤ አይጮህም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ስዞር ስዞር ወረቀቱ ሊያልቅ ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለውን ችግኝ ሻጭ ታስታውሽዋለሽ? ሚስቱ የሞተችበት፣ ሲናገር መሬት መሬቱን የሚያየው። እንዳገባው ጠየቀኝ። አትሳቂ። በዚህ ዕድሜዋ ማን ይጠይቃታል ብለሽ እንደሆነ፣ እሱ ጠየቀኝ። ደስ አለኝ። እንዲህ ብዬ መጻፉ ራሱ ያሳፍረኛል፣ ግን ደስ አለኝ።

ችግሩ፣ የተከራየውን መሬት ባለቤቱ ቤት ሊሠራበት ስለሆነ በመጋቢት መጨረሻ ይለቃል። ወንድሙ ዘንድ ነው የሚሄደው፤ በአውቶቡስ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያስኬድ ከተማ። እማዬን ይዣት አልሄድ ነገር፣ አክስታችን ቤት ያሳደርናት ጊዜ በር ከፍታ ወጥታ ገበያ መሃል “ቤቴ የት ነው?” ስትል ተገኘች። ሐኪሙም ከምታውቀው ቤት አታውጧት ብሏል። ሰው ልቅጠር ብልም፣ የቀጠርኳትን ሴትዮ “ካሮቴን ልትሰርቂ ነው” ብላ በመኮትኮቻ አባረረቻት። ከልጆቿ ሌላ ማንንም አታስጠጋም። ልጆቿ ደግሞ እኔና አንቺ ነን።

ስለዚህ ዘጠኝ ዓመት ያልጠየቅሁሽን ዛሬ ልጠይቅሽ። ነይና አንድ ዓመት ከእሷ ጋር ሁኚ። ከዚያ በኋላ እየተፈራረቅን እናያታለን። በሞቴ፣ ቁርጡን ንገሪኝ።

እህትሽ


ጥቅምት 8

እታለምዬ የኔ ማር፣

እልል ብያለሁ! እውነቴን ነው፤ ደብዳቤሽን አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ሳነብ እልል ስል ጎረቤቴ ግድግዳውን ደበደበብኝ። እዚህ ሰው ሲደሰት ቀስ ብሎ ነው። እኔ ግን ለአንድ እህቴ ቀስ ብዬ አልደሰትም።

ያ ዝምተኛ ሰውዬ! እኔኮ ችግኝ ልትገዢ ትሄጂ የነበረው ለችግኙ ይመስለኝ ነበር፤ ሌላ ጓሮ ስታለሚ ኖሯል ለካ። የኔ ቆንጆ፣ ይገባሻል። ከማንም በላይ ይገባሻል።

እመጣለሁ። ሰማሽኝ? እመጣለሁ። ነገ ተነሺ ብትዪኝ አይሆንም፤ ሆቴሉ ውስጥ ፈቃድ የሚባል ነገር አለ፣ አለቃ የሚባሉ ጉዶች አሉ። ግን ከዚህ ደብዳቤ ጋር የሚመጣውን ካርቶን ክፈቺው። ቱሊፕ የሚባለው አበባ ራሶች ናቸው። እዚህ በረዶው ሊቀልጥ ሲል በየሰው ደጅ ቀይ በቀይ ይሆናል፣ ታዪው ብዬ ሁልጊዜ እመኝ ነበር። ሻጭዋ እንደነገረችኝ ብርድ ካልነካቸው አያብቡም፤ ቅጠል ብቻ አውጥተው ይቀራሉ። የእናንተ ብርድ ደግሞ ብርድ አይባልም። ስለዚህ በወረቀት ከረጢት አድርገሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጫቸው፣ ታኅሣሥ ላይ አውጥተሽ ትከያቸው።

ሲያብቡ እመጣለሁ። ቃሌ ነው። ለእማዬም እንዲሁ በያት፤ አበባው ሲያብብ ሚጢ ትመጣለች በያት።

አንድ ነገር እውነቱን ንገሪኝ። ትጠይቀኛለች? ወይስ ረስታኛለች? ረስታኝ ማየቱን እፈራዋለሁ፣ እታለም። ከዚህ ሁሉ የምፈራው እሱን ነው።

ሚጢሽ


ጥቅምት 27

ሚጢ፣

ካርቶኑ ደረሰ። ስከፍተው “ወይ ጉድ፣ ይቺ ልጅ ሽንኩርት ያጣን መሰላት እንዴ!” አልኩ። መልካቸው ቁርጥ ሽንኩርት ነው፣ ልጣጫቸው ሳይቀር። ከዚያ ደብዳቤሽን አነበብኩ። አንብቤ ጓሮ ወጣሁና አተሩ ሥር ቆሜ አለቀስኩ። የደስታ ነው፣ አትደንግጪ።

እንዳልሽው በወረቀት ከረጢት አድርጌ ማቀዝቀዣው ታችኛው መሳቢያ ውስጥ አስገብቻቸዋለሁ። ካሮቱ ቦታውን ለቆላቸው ቅርጫት ውስጥ ተሰደደ።

እውነቱን ንገሪኝ ብለሻልና ልንገርሽ። ከአንቺ በቀር የምትጠይቀው ሰው የለም። ጠዋት “ሚጢ ተነሳች?”፣ ማታ “ሚጢ በላች?” ነው። የረሳችው እኔን ነው። እኔ “አንቺ ልጅ” ነኝ። ትናንት እግሯን ሳጥባት “አንቺ ልጅ፣ እጅሽ ጥሩ ነው፤ ሚጢ ስትመጣ እነግርልሻለሁ” አለችኝ። እንዴት ያለ ምስጋና ነው በይ! አልከፋኝም ብል ውሸት ይሆንብኛል። አጠገቧ ዘጠኝ ዓመት የከረመውን ፊት ጥላ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ፎቶሽ ያለውን ፊት ያዘች። ግን ይሁን። አንቺ በዚህ በኩል አትፍሪ፤ በሩን ስትከፍቺ እቅፍ ነው የሚጠብቅሽ።

ለእሱም ነገርኩት። “ሲያብቡ እመጣለሁ ብላለች” አልኩት። እንደ ልማዱ መሬት መሬቱን እያየ “አበባ መጠበቅ ሥራዬ ነው” አለኝ። እዚያው አልሳቅኩም፤ ቤቴ ገብቼ ድስት ሳጥብ ብቻዬን ሳቅኩ።

ለእማዬ በየቀኑ እነግራታለሁ። ምሳ መብላቷን ትረሳለች፣ የገዛ ጫማዋን “የማን ነው?” ትላለች። “አበባው ሲያብብ ሚጢ ትመጣለች” የሚለውን ግን ይዛዋለች፣ እሷው ራሷ ታስታውሰኝ ጀመር።

እህትሽ


ኅዳር 19

ሚጢ፣

“ምን ነክቶሽ ነው ብቻዋን ማዕድ ቤት የተውሻት?” ብለሽ የጻፍሽው ደረሰኝ። አክስታችን ብዕር ስትይዝ ያየችውንም ያላየችውንም ነው የምትጽፈው። እማዬ አልታመመችም። ከእኔ ስሚው።

እሱ እማዬን በወጉ ሊያነጋግር መጣ። ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ የችግኝ ሳጥን ተሸክሞ። እኔ ለእንግዳ የሚሆን ዳቦ ልግዛ ብዬ ብቅ አልኩ። ስመለስ ቤቱ በእንፋሎት ታፍኗል። እማዬ እንግዳ መጣ ብላ ሾርባ ሠርታለች! ስንት ዘመን ምድጃ ያልነካች ሴት ድንች ልጣ፣ ጨው መጥና፣ ሽንኩርት ፍለጋ መሳቢያውን ከፍታ። የማን ሽንኩርት እንደሆነ አትጠይቂኝ።

እሱ ሳህኑን ጨርሷል። “አንተ ሰው! ችግኝ ሻጭ አይደለህም እንዴ? እንዴት አታውቀውም?” ብዬ ጮህኩበት። ለካ በመጀመሪያው ማንኪያ አውቆታል። “አጠገቤ ቆማ አፍ አፌን እያየች ‘ጣፈጠህ?’ ስትለኝ ምን ልበላት?” አለኝ። ይህን ብሎ ጓሮ ወጣና ቆስጣው ላይ አስመለሰው። ሐኪም ቤት የሄደው እሱ ነው፤ ሆዱን ሲያቃጥለው አድሮ በማግስቱ ተሻለው። እማዬ አልቀመሰችውም፣ እንግዳ ሳይጠግብ አትበላምና። ይልቅ ወዳዋለች። “ያ በደንብ የሚበላው ሰውዬ መቼ ነው የሚመጣው?” እያለች ታደርቀኛለች።

ያን ቀን እንደ ሳቅኩት ስቄ አላውቅም። ሰውን ለማወቅ ስንት ዓመት ይፈጃል ይባላል፣ እኔ በአንድ ሳህን ሾርባ ጨረስኩ። ሚጢ፣ ይህን ሰው ማጣት አልፈልግም። የምትመጪበትን ቀን ቁረጪልኝ።

“ለምን ብቻዋን ተውሻት” ለምትዪኝ ደግሞ፣ ዳቦ ቤት ድረስ ነው የሄድኩት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የምሄደው ዳቦ ቤት ድረስ ነው። ከዚያ አልፌ አላውቅም። ሌላ ጊዜ ይህን ጥያቄ ስትጽፊ እሱን አስቢ።

ጥቂት ራሶች ተርፈዋል። መሳቢያውን በገመድ አስሬዋለሁ።

እህትሽ


ታኅሣሥ 3

እታለምዬ፣

ይቅር በይኝ። የአክስታችንን ደብዳቤ ሳነብ ደሜ ፈላና ያገኘሁትን ጻፍኩ። ያንቺን ሳነብ ደግሞ አንሶላ መተኮሻው ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ ሴቶቹ ሁሉ አበደች አሉ። ያ ሰውዬ ቅዱስ ነው ወይስ ሞኝ? የትኛውም ይሁን፣ አግቢው!

የተረፉት ይበቃሉ። አንድ እንኳ ብታብብ ቃሌ ቃል ነው። ቀኑን ቁረጪ ላልሽው ግን አሁን መቁረጥ አልችልም። ሥራ ቦታ ትንሽ ለውጥ ነገር አለ። ክፉ አይደለም፣ ስመጣ ቁጭ ብለን አወራሻለሁ። አንቺ ብቻ ትከያቸው።

የድሮ ክፍሌ መስኮት አሁንም ጓሮውን ያያል? እዚህ የእኔ መስኮት የሚያየው የጎረቤት ግድግዳ ነው። በረዶው ደግሞ በሩን እስኪይዘው ወርዷል። ዕድለኛ ነሽ እኮ፣ ጓሮሽ አይሞትም።

ሚጢሽ


ታኅሣሥ 24

ሚጢ፣

ተተከሉ። ማን ተከላቸው መሰለሽ? እማዬ!

እኔ መደቡን ቆፍሬ ፍግና አሸዋ ቀላቅዬ ስጨርስ በርጩማዋን ይዛ መጣች። ከረጢቱን ከእጄ ተቀበለችኝና ተንበረከከች። ጫፋቸውን ወደ ላይ፣ ሥራቸውን ወደ ታች፣ አፈር አለበሰችና በመዳፏ መታ መታ አደረገች። ስሟን የማታስታውስ ሴት እጇ አንድም ነገር አልረሳም። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና “ትልቋ፣ ውሃ አምጪ” አለችኝ።

ትልቋ! ሚጢ፣ ትልቋ አለችኝ። ይህን ስም ከአፏ ከሰማሁት ስንት ዘመኔ! ማጠጫውን ይዤ እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ውሃ ሞልቼ ስመለስ “አንቺ ልጅ፣ ማን ላከሽ?” አለችኝ።

ይኸው ነው። መስኮትሽ አሁንም ጓሮውን ያያል።

እህትሽ


የካቲት 9

ሚጢ፣

“ምን አጣደፈሽ?” ብለሻል። ያጣደፈኝ መሬቱ ነው። የመሬቱ ባለቤት መጥቶ ጥግ ጥጉን እንጨት ተክሎበታል፣ ድንጋይም አስወርዷል። እሱ ትልልቆቹን ችግኞች በቅናሽ እየሸጠ ነው። ትንንሾቹን በሳጥን አድርጎ ደረጃዬ ላይ ደርድሯቸዋል፤ “ሚጢ ስትመጣ ትትከላቸው፣ እጇን ታፍታታ” ይላል። ሳያይሽ ሥራ ሰጠሽ።

ቱሊፖቹ ወጥተዋል። ቅጠላቸው ወፍራም ነው፣ ከመሃሉ የተጠቀለለ ነገር ብቅ ብሏል። ቀንድ አውጣ እንዳይደርስባቸው ዙሪያቸውን አመድ ነስንሻለሁ። ልጅ እንኳ እንዲህ አልጠብቅም።

ክፍልሽን ነጭ ቀባሁት። መጋረጃ ሰፋሁ። አልጋሽን ወደ መስኮቱ አዙሬዋለሁ። ለእማዬ ምን እንደምታበስዪላት፣ ሲመሽ እንዴት እንደምትባባ፣ እንቢ ስትል በምን እንደምትሸነፍ ሁሉንም እነግርሻለሁ፤ ብዙ አይደለም፣ ትለምጂዋለሽ። ለራሴም ሻንጣ ገዛሁ። በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው፣ ከፍቼ ውስጡን አሸትተዋለሁ።

ቀኑን ብቻ ንገሪኝ። ሌላ ምንም አልልሽም።

እህትሽ


መጋቢት 6

ሚጢ፣

አበቡ። ቀይ ናቸው። ነይ።


መጋቢት 19

እታለምዬ፣

ይህን ደብዳቤ ስንት ጊዜ ጽፌ እንደቀደድኩት ብታዪ ታዝኚልኝ ነበር። አልመጣም። ማለቴ፣ አሁን አልመጣም። አትቆጪ፣ በሞቴ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

የአንሶላ ክፍሉ ኃላፊ ሆኛለሁ! ያኔ ትንሽ ለውጥ ያልኩሽ ይህን ነው። ከሥሬ ስንት ሰው እንዳለ ብታዪ! ቢሮ አለኝ፣ መስኮት ያለው። ጎንበስ ብዬ አልጋ ሳነጥፍ ስንት ዓመቴ ነው፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። ደንባቸው ግን ክፉ ነው። ኃላፊነት የተቀበለ ሰው የመጀመሪያውን ዓመት ፈቃድ የሚባል አይወጣም። እኔ የፈረምኩት በነሐሴ ስለሆነ እስከሚመጣው ነሐሴ እግሬ ታስሯል። ከዚያ በኋላ ማንም አያቆመኝም።

እሱን ትንሽ ይታገስ በዪው። የሚወድ ሰው ይጠብቃል፣ አይደል? ለእማዬም አንድ ነገር ፍጠሪላት፣ አንቺ ታውቂበታለሽ። የአበቦቹን ፎቶ ላኪልኝ፣ ቢሮዬ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ።

ታዝኚብኛለሽ፣ አውቃለሁ። ግን ትጠይኛለሽ?

ሚጢሽ


ሚያዝያ 5

ሚጢ፣

“በነሐሴ ፈረምኩ” ብለሻል። እኔ ነይልኝ ብዬ የጻፍኩልሽ በመስከረም ነው። ካርቶኑን የላክሽልኝ በጥቅምት ነው። እንግዲህ ራሶቹን ስታሽጊ እንደማትመጪ ታውቂ ነበር። ሌላ ትርጉም ላገኝለት ብዬ ደጋግሜ አሰብኩት። የለውም።

አልመጣም ብትዪኝ ኖሮ አለቅስ ነበር፣ እሰድብሽ ነበር፣ ከዚያ ከእሱ ጋር ቁጭ ብለን መላ እንፈልግ ነበር። ጊዜ ነበረን። ያን ጊዜ አበባ ስንጠብቅበት አለቀ። እንቢ ማለት ከበደሽና እንቢታሽን በካርቶን አሽገሽ ላክሽልኝ፣ እኔ ሞኟ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጬ ተንከባከብኩት።

ፎቶ የለም። በቃል ልንገርሽ። ቀያቸው ዓይን ይወጋል፣ ከመንገድ ሰው ቆሞ ያያቸው ነበር። የመጀመሪያዋ እንደከፈተች እማዬ አየቻት። ገብታ ደህናውን ቀሚሷን ለበሰች፤ ማን አወጣላት? ራሷ አወጣችው። በርጩማዋን ይዛ አጥሩ በር ላይ ተቀመጠች። “ሚጢን እየጠበቅኩ ነው” አለችኝ። በማግስቱም። ከዚያም በማግስቱ። ፍጠሪላት ብለሻል፤ ምን ልፍጠር? ሁሉንም የሚረሳ ራስ ይህችን አንዷን አልረሳ አለኝ። ነይ ግቢ ፀሐዩ ከረረ ስላት “አበባው አብቧል እኮ፣ ዓይንሽ አያይም?” ብላ ትቆጣኛለች። አበባዎቹ እስኪረግፉ ድረስ እንዲሁ ነበር። የመጨረሻዋ ስትረግፍ መሬት ላይ ያለውን ቅጠል አንስታ አየችውና “ይሄ አበባ ውሸታም ነው” አለች። ከዚያ ወዲህ ስምሽን አትጠራም።

ስለ እሱ ደግሞ። የሚወድ ሰው ይጠብቃል ብለሻል። ጠብቋል እንጂ። የጠበቀው ግን አንቺን ነበር። መሬቱን ማሽን ገብቶ እስኪያርሰው ድረስ፣ ችግኞቹን ሰብስቦ መንገድ ዳር እስኪያድር ድረስ ጠብቋል። ሸሚዙን ተኩሶ መጥቶ “ልቆይ?” አለኝ። ምን ላይ ይቆያል? የሚያውቀው ሥራ መሬት ይፈልጋል፣ የእኛ ጓሮ ለአንድ እማዬ እንኳ አይበቃም። ሂድ አልኩት።

ከመሄዱ በፊት መደቡን አጸዳልኝ። ራሶቹን ለሚመጣው ዓመት ላስቀምጣቸው ስለው “በዚህ አየር አንዴ ብቻ ነው የሚያብቡት፣ ደግመው አይሆኑም” አለኝ። ነቅሎ ብስባሹ ጉድጓድ ውስጥ ጣላቸው። እማዬ ሻይ ሰጠችውና “አንተ በደንብ የምትበላው፣ ቶሎ ና” አለችው። “እሺ” አላት፤ ለእኔ ግን ቶሎ እመጣለሁ አላለኝም፣ መዋሸት አይችልበትም።

አውቶቡስ ድረስ አልሸኘሁትም። እማዬን ለማን ጥዬ? ዳቦ ቤቱ ድረስ ሸኘሁት።

ትጠይኛለሽ ወይ ብለሻል። ገና ነኝ። አሁን ሰላጣው ማበብ ጀምሯል፣ ሳይመር መልቀም አለብኝ።

ትልቋ


ጥቅምት 6

እታለምዬ፣

ሦስት ደብዳቤ ጽፌ አንድም መልስ የለም። በነሐሴ እንዳልመጣሁ አውቃለሁ፣ ዝምታሽ ግን ከስድብ ይብሳል። ምን ላድርግ? ሆቴሉ አዲስ ፎቅ ከፈተ፣ ሁሉ ነገር እኔ ላይ ወደቀ፣ አሁን ጥዬ ብሄድ የደከምኩበት ሁሉ አፈር ይበላል።

ግን ዘንድሮ የምር ነው። ካርቶን ልኬልሻለሁ፣ ካምናው ይተልቃል፤ ቀይ ብቻ ሳይሆን ቢጫና ሐምራዊም አለበት። ማቀዝቀዣሽ ውስጥ ቦታ አለ? ለእማዬ ንገሪያት። ዘንድሮ ሲያብቡ እዚያ ነኝ፤ እምላለሁ፣ በእናቴ እምላለሁ።

እሱስ? ይጽፍልሻል? ተጣልታችሁ እንዳይሆን።

ሚጢሽ


ጥቅምት 28

ሚጢ፣

ካርቶኑ ደርሷል፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድም አልተበላሸም፣ በደንብ አሽገሽዋል። በዚህስ አትታሚም።

እሱ አልተጣላኝም። አግብቷል። ራሱ ጽፎ ነገረኝ፣ እንዳልሰማው ከሌላ ሰው። ልጅ ያላት ሴት ናት፣ መልካም ናት ይላል። “እንኳን ደስ ያለህ” ብዬ መለስኩለት፣ የምሬን ነው። ሻንጣውን ለአክስታችን ልጅ ሰጠሁት።

እማዬ ቀንሳለች። ጉልበቷ ደክሟል፣ ከአልጋ ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ አልጋ ነው። ሆድ ግን አልባሳትም፣ ሰላም ናት። በር ላይ የሚያስቀምጣት ነገር የለም።

ማቀዝቀዣሽ ውስጥ ቦታ አለ ወይ ብለሻል። አለ። መሳቢያው ባዶ ነው። ግን አላስገባኋቸውም። ካርቶኑ በደረሰ ማግስት፣ ብርድ ሳይነካቸው፣ እንዲሁ ተከልኳቸው። መደቡን ቆፈርኩ፣ ጫፋቸውን ወደ ላይ አደረግሁ፣ አፈሩን መታ መታ አደረግሁ፣ አጠጣኋቸው። እንደዚህ ከተተከሉ ምን እንደሚሆኑ አንቺው ነሽ የነገርሽኝ፤ ቅጠል አውጥተው ይቀራሉ። ቅጠሉም አረንጓዴ ነው፣ ዓይን አይወጋም።

እማዬ በርጩማዋን ይዛ መጥታ ስተክል ታየኝ ነበር።

“ምንድን ነው የምትተክዪው?” አለችኝ።

“ሽንኩርት” አልኳት።

“እሰይ! ያ በደንብ የሚበላው ሰውዬ ሲመጣ ሾርባ እሠራለታለሁ” አለች።

“እሺ” አልኳት።

አንቺም ከእንግዲህ አትጨነቂ፣ ደብዳቤም እየቀደድሽ አትድከሚ። ቃል አጠፈች የሚልሽ የለም።

ሲያብቡ ነይ።

ትልቋ